50,000 ወታደር ተቆጥሮ እንዴት ወጣ?

እስቲ ሥራችሁን ለአንድ አፍታ ተዉና ስሙኝ። በ1989 መጀመሪያ አንጎላ ውስጥ 50,000 የኩባ ወታደር ሰፍሮ ነበር። አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በሰው አገር ጦርነት ገብቶ፣ ከ13 ዓመት በላይ የቆየ ጦር ነው። ይህ ሁሉ ሰው ከነመሣሪያው በ27 ወር ውስጥ ጠቅልሎ እንዲወጣ ወረቀት ተፈረመ። ወጣም! ያውም ከቀጠሮው ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ። በዚሁ መሃል ደግሞ ጎረቤት አገር ምርጫ ተካሂዶ፣ ባንዲራ ተሰቅሎ፣ አዲስ ነፃ መንግሥት ተመሠረተ።

ነገሩ ከገባኝ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ እያወራሁት ነው። ስለ ጦርነት ስናወራ ማን ጀመረው፣ ማን አሸነፈ እያልን እንከራከራለን። አንድ ጦር ከሰው አገር ሲወጣ ምን ምን መሠራት እንዳለበት ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳን የለም። ሥራ አለው፤ ያውም ብዙ! እኔ እንደገባኝ አድርጌ ከሥሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ማን የት እንደቆመ እንይ። አንጎላ ከፖርቱጋል ነፃ የወጣችው ኖቬምበር 11 ቀን 1975 ነው። ነፃነቱ ሲመጣ ሦስት የነፃነት ንቅናቄዎች ሥልጣኑን ይሻሙ ነበር። ዋና ከተማዋን ሉዋንዳን የያዘው ኤም.ፒ.ኤል.ኤ. የሚባለው ነው። ሌላው፣ ኋላ ላይ ትልቁ ተቃዋሚ ጦር የሆነው፣ የጆናስ ሳቪምቢ ዩኒታ ነው። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ከደቡብ በኩል ጦሯን ይዛ ገባች፤ ኩባ ደግሞ ኤም.ፒ.ኤል.ኤ.ን ለመርዳት ወታደሮቿን ላከች። ኩባዎቹ ለአጭር ጊዜ የመጡ ይመስል ነበር፤ ቆዩ።

ከአንጎላ በታች ናሚቢያ አለች። ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ነበር የምትባለው፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ይዛታለች። እዚህ ላይ የእኛም አገር እጅ አለበት! በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበርን ብለው፣ ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉና የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በተጨማሪ ድምፃቸው ክሱን ጣሉት፤ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። በ1978 የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 435ን አጸደቀ፤ ናሚቢያ በተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪነት ምርጫ አድርጋ ነፃ ትውጣ የሚል ነው። ወረቀቱ ግን አሥር ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

ለምን? የናሚቢያ ነፃነትና የኩባ ጦር ከአንጎላ መውጣት እርስ በርስ ተያይዘው ስለነበር። ደቡብ አፍሪካ «ኩባ ከአንጎላ ካልወጣች ከናሚቢያ ንቅንቅ አልልም» ትላለች። አንጎላ «ደቡብ አፍሪካ ድንበሬ ላይ ቆማ፣ ስትፈልግ እየገባች፣ ዩኒታንም እያስታጠቀች፣ ኩባዎቹን በምን ልቤ ላሰናብት?» ትላለች። ለናሚቢያ ነፃነት የሚዋጋው ስዋፖ የተባለው ድርጅት ሸማቂዎቹን የሚያሰፍረው አንጎላ ውስጥ ነው፤ ለደቡብ አፍሪካ ይህም አንድ ምክንያት ሆናት። ከ1981 ጀምሮ የአሜሪካ የአፍሪካ ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ቼስተር ክሮከር ሁለቱን መውጣቶች በአንድ ድርድር ውስጥ አስገቧቸው። ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት በዚህ ተቆጡ፤ የአንድ ሕዝብ ነፃነት የሌላ አገር ወታደር መውጣት መያዣ መሆን የለበትም ብለው። በመርሕ ደረጃ እውነታቸውን ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ግን ነገሩ በመጨረሻ የተፈታው በዚሁ መንገድ ነውና አሠራሩን እንየው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከአራተኛ ፎቅ ትልቅ ቁም ሳጥን አውርዳችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይይዛል። የላይኛው «ደክሞኛል» ብሎ ድንገት ከለቀቀ የታችኛው ያልቅለታል። ሁለቱም አልለቅም ካሉ ደግሞ እዚያው ደረጃ ላይ ይመሽባቸዋል። የሚወርደው አንድ ደረጃ አንተ፣ አንድ ደረጃ እኔ እየተባለ ነው፤ መዞሪያው ላይ ደግሞ ምንም ያልያዘ ሦስተኛ ሰው ቆሞ «ቀስ! በዚህ በኩል ዝቅ! በቃ፣ ያዙት!» ይላል። የአንጎላው ስምምነት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው!

በ1988 ሁለቱም ወገን እጁ ዝሎ ነበር። ኩዊቶ ኩዋናቫሌ በምትባለው የደቡብ ምሥራቅ አንጎላ ከተማ ዙሪያ ወራት የፈጀ ውጊያ ተካሂዷል። ኩባ ተጨማሪ ጦር አምጥታ ወደ ናሚቢያ ድንበር አስጠግታለች። ጁን መጨረሻ ላይ የኩባ ሚግ አውሮፕላኖች ድንበሩ አጠገብ ያለውን የካሉዌኬ ግድብ ደበደቡ፤ ከሁለቱም ወገን ወታደሮች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ወደፊት መግፋት ምን ያህል ደም እንደሚያስከፍል ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ድርድሩ ለንደን፣ ካይሮ፣ ጄኔቫ፣ ብራዛቪል እያለ ዞረ።

የመጀመሪያው እርምጃ ቀላሉ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአንጎላ ምድር ጠቅልሎ ወጣ። ቀላል ያልኩት ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ በአጭር ቀን የሚያልቅና ሁሉም በዓይኑ የሚያየው ስለሆነ ነው። ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው የሌላውን ቃል መፈተን የቻሉት በዚህ ነው።

ከዚያ ዲሴምበር 22 ቀን 1988 ኒው ዮርክ ላይ፣ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት ተፈራረሙ። ልብ በሉ፤ የተፈረመው አንድ ወረቀት አይደለም፤ ሁለት ነው! አንደኛው በሦስቱ መካከል ነው፤ አንጎላ፣ ኩባና ደቡብ አፍሪካ፤ ናሚቢያ በውሳኔ 435 መሠረት ነፃ ትወጣለች ይላል። ሁለተኛው በአንጎላና በኩባ መካከል ብቻ ነው፤ የኩባ ወታደሮች በየትኛው ቀን ስንት ስንት ሆነው እንደሚወጡ የሚዘረዝረው ይኼኛው ነው። ለምን ተለያየ? ኩባ «የመጣሁት በአንጎላ መንግሥት ጥሪ ነው፤ የምወጣውም ከጠራኝ መንግሥት ጋር ተነጋግሬ ነው» ትላለች። ጠላቷ ደቡብ አፍሪካ ውጪ ስላለቻት አልወጣችም ማለት ነው! የማንም ክብር አልተነካም፤ ቀኖቹ ግን ሁለቱንም ወረቀት ያገናኛሉ። አስተናጋጇ አገር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ በገዛ ፊርማዋ ነው እንግዳዋን የምትሸኘው። አሜሪካ በ2020 ዶሃ ላይ ከታሊባን ጋር ስትፈራረም የካቡል መንግሥት ጠረጴዛው ላይ እንዳልነበረ ስታስታውሱ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያችኋል።

አሁን ወደ ቀኖቹ። እርሳስ ያላችሁ ጻፉት፤ ጉዱ ያለው እዚህ ነው።

ኤፕሪል 1 ቀን 1989 የናሚቢያ የነፃነት ሂደት ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ለመልካም ፈቃድ 3,000 ኩባዎች ይወጣሉ። ኦገስት 1 ቀን የቀሩት ሁሉ ከ15ኛው የደቡብ ኬክሮስ መስመር ወደ ሰሜን ይሰበሰባሉ። ኬክሮስ ማለት ካርታ ላይ አግድም የተሰመረው መስመር ነው፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 111 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ኦክቶበር 31 ደግሞ ከ13ኛው መስመር ወደ ሰሜን ያልፋሉ። የናሚቢያ ድንበር ከ17ኛው መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ እንግዲህ አስሉት፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ነው! በማግስቱ፣ ኖቬምበር 1፣ 25,000 ማለትም እኩሌታው ከአገር ወጥቶ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ኤፕሪል 1990 ላይ የወጣው 33,000፣ ኦክቶበር ላይ 38,000፣ ጁላይ 1 ቀን 1991 ሙሉው 50,000።

መጀመሪያ ሳየው ደረቅ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው የመሰለኝ። ኋላ የናሚቢያን የምርጫ ቀን ከጎኑ ጻፍኩት። ከኖቬምበር 7 እስከ 11 ቀን 1989! እናንተዬ፣ ገባችሁ? ሕዝቡ ድምፅ ለመስጠት በሚሰለፍበት ሳምንት ከኩባ ጦር እኩሌታው የለም፤ የቀረውም 500 ኪሎ ሜትር ርቋል። ደቡብ አፍሪካም በበኩሏ ሂደቱ በተጀመረ በ12 ሳምንት ውስጥ ናሚቢያ ያለውን ጦሯን ወደ 1,500 ሰው አውርዳ፣ ያንኑ በሁለት የጦር ሰፈሮች ውስጥ መሰብሰብ ነበረባት። የምርጫ ሳጥኑ ከመቅረቡ በፊት ጠመንጃው ከሁለቱም አቅጣጫ ዞር አለ ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም በአንዴ አልወጡም? ይህን ሳስብ ነው ሁለተኛው ነገር የበራልኝ። ድርድሩ ሲጀመር ደቡብ አፍሪካ ኩባዎቹ ናሚቢያ ለምርጫ በምትዘጋጅባቸው ወራት ውስጥ ተጠቃልለው እንዲወጡ ትፈልግ ነበር፤ አንጎላ ደግሞ አራት ዓመት ጠየቀች። ሁለቱም የሚሉት ከፍርሃት ነው። የደቡብ አፍሪካ ፍርሃት «ናሚቢያን ለቅቄ ወጥቼ ኩባዎቹ ሀሳባቸውን ቢቀይሩስ?» ነው። የአንጎላ ፍርሃት «ኩባዎቹ ወጥተው ደቡብ አፍሪካ ከናሚቢያ አልወጣም ብትልስ?» ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እኩሌታ በፍጥነት እንዲወጣ ሆነ፤ የደቡብ አፍሪካን ፍርሃት ያበርዳል። ሁለተኛው እኩሌታ ናሚቢያ ነፃ እስክትወጣና ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ እንዲወጣ ሆነ፤ የአንጎላን ፍርሃት ያበርዳል። 27 ወር የሚለው ቁጥር ከገበያ ክርክር የተገኘ አማካይ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ የሁለት አገር ፍርሃት በቦታ በቦታው ተቀምጧል። እንዴት ያምራል!

ከዚያ ሦስተኛው ሰው መጣ። ወረቀቱ ከመፈረሙ ከሁለት ቀን በፊት፣ ዲሴምበር 20፣ የፀጥታው ምክር ቤት ታዛቢ ቡድን አቋቋመ። ስንት ሰው ይመስላችኋል? ሰባ! ከአሥር አገሮች የተውጣጡ ቢበዛ 70 መሣሪያ ያልያዙ ወታደራዊ ታዛቢዎች፣ አዛዣቸው ብራዚላዊው ብርጋዴር ጄኔራል ፔሪክሌስ ፌሬይራ ጎሜስ። ሥራቸው መዋጋት አይደለም፣ ማስታረቅም አይደለም፤ መቁጠር ነው። ሉዋንዳ ወደብና አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሎቢቶ ወደብ፣ ናሚቤ ወደብ ላይ ይቆማሉ። አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ የሚሳፈረው ሰው ስንት ነው፣ መሣሪያውስ? ከዚያ መርከቡ አጠገብ ሆነው ይቆጥራሉ፤ ይመዘግባሉ። ሌሎቹ ወደ ደቡብ እየሄዱ ከ15ኛው፣ ኋላም ከ13ኛው መስመር በታች የቀረ ጦር አለመኖሩን ያረጋግጣሉ። ጃንዋሪ 3 ሥራ ጀመሩ፤ ጃንዋሪ 10 የመጀመሪያዎቹ ኩባዎች ተሳፈሩ። ጠላት የጠላትን ቃል ማመን አያስፈልገውም፤ የቆጣሪውን መዝገብ ካመነ ይበቃዋል።

ይሄ ሁሉ ሳይሰናከል የሄደ እንዳይመስላችሁ። የናሚቢያ ሂደት በተጀመረበት በመጀመሪያው ቀን፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1989፣ ነገሩ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የስዋፖ ተዋጊዎች ከአንጎላ ወደ ሰሜን ናሚቢያ ገቡ። ስዋፖ ኒው ዮርክ ላይ አልፈረመም ነበር፤ ተዋጊዎቹ ከ16ኛው መስመር በስተሰሜን እንዲቆዩ የተያዘው ስምምነት እሱ በሌለበት የተደረገ ነው። ናሚቢያን እንዲጠብቅ የታሰበው የተባበሩት መንግሥታት ጦርም፣ በኒው ዮርኩ የበጀት ክርክር ዘግይቶ፣ አብዛኛው ገና አልደረሰም። የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ተወካይ የነበሩት ፊንላንዳዊው ማርቲ አህቲሳሪ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ከሰፈራቸው እንዲወጡ መፍቀድ ግድ ሆነባቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ300 በላይ የስዋፖ ተዋጊዎች ሞቱ። ነፃነት ሊታወጅ ወራት ሲቀሩት! ልብ ይሰብራል።

ታዲያ ምን አተረፈው? ስምምነቱን የጻፉት ሰዎች አስቀድመው አንድ ነገር አዘጋጅተው ነበር። ብራዛቪል ላይ በፈረሙት ሰነድ የጋራ ኮሚሽን የሚባል አቋቁመዋል፤ አባላቱ ሦስቱ ፈራሚዎች፣ ታዛቢዎቹ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት። ማን ማንን እንደሚጠራ፣ የት እንደሚሰበሰቡ አዲስ ክርክር አላስፈለገም። ማውንት ኤትጆ በሚባል የናሚቢያ የዱር እንስሳት ማረፊያ ተሰበሰቡና ኤፕሪል 9 ተስማሙ፤ የስዋፖ ተዋጊዎች ወደ አንጎላ ይመለሱ፣ የነፃነቱ ሂደትም ይቀጥል። ጥፋት ሲደርስ የሚሰበሰቡበትን ወንበር ጥፋቱ ሳይደርስ አስቀምጠውታል። ከጠቅላላው ታሪክ እኔን በጣም ያስደነቀኝ ይሄ ነው።

ሌላም ጊዜ ተሰናክሏል። ጃንዋሪ 1990 ዩኒታ ሎቢቶ አጠገብ ጥቃት አድርሶ አራት የኩባ ወታደሮችን ገደለ። ኩባ መውጣቱን አቆመች። ለአንድ ወር ያህል ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ግን መርከቦቹ እንደገና ተንቀሳቀሱ። ሰሌዳው በየወራቱ ስለተከፋፈለ አንድ ወር ቆሞ መቀጠል ይችላል፤ «በዚህ ቀን ሁሉም ይውጣ» ተብሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ አንድ ወር ሙሉውን ያፈርሰው ነበር።

የሞቱትስ? ኩባ ሬሳዎቿን ትታ አልወጣችም። ዲሴምበር 7 ቀን 1989 ከ2,000 በላይ የሚሆኑ፣ በውጭ አገር ዘመቻ የሞቱ ኩባውያን አጽም በትውልድ ቦታቸው፣ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ተቀበረ። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ አንጎላ የሞቱ ናቸው፤ በ1977 እና 78 በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከእኛ ወታደሮች ጎን ኦጋዴን ላይ የወደቁትም አሉበት። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት የእነሱም መታሰቢያ ነው፤ አብዛኞቻችን በታክሲ እናልፈዋለን እንጂ ጠጋ ብለን አናየውም።

ናሚቢያ ማርች 21 ቀን 1990 ነፃ ወጣች። በምርጫው ከተመዘገበው ሕዝብ 97 በመቶው ድምፅ ሰጥቷል! ስዋፖ ከ72 መቀመጫ 41ዱን አገኘ። የመጨረሻዎቹ ኩባዎች ሜይ 25 ቀን 1991 አንጎላን ለቀቁ፤ ቆጣሪዎቹም መዝገባቸውን ዘግተው ሥራው መጠናቀቁን አስታወቁ።

አሁን የሚያሳዝነውን ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ እናንተን ማታለል ይሆንብኛል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው የውጭ ጦሮች እንዲወጡ ነው። አንጎላውያን ከአንጎላውያን ጋር የሚዋጉበት ጦርነት በኒው ዮርኩ ወረቀት ውስጥ የለም፤ ዩኒታ ፈራሚ አልነበረም፤ አሜሪካ ዩኒታን፣ ሶቪየት ኅብረት መንግሥቱን ማስታጠቃቸውን ቀጠሉ። ኩባዎቹ ከወጡ ከስድስት ቀን በኋላ መንግሥቱና ዩኒታ ፖርቱጋል ውስጥ ቢሴስ ላይ ተፈራረሙ፤ ሁለቱ ጦሮች ትጥቅ ፈትተው አንድ ይሁኑ፣ ከዚያ ምርጫ ይካሄድ ተባለ። ትንሿን ናሚቢያን ለማሻገር የተባበሩት መንግሥታት ወታደር፣ ፖሊስና ሲቪል ሠራተኛ ተደምሮ 8,000 ገደማ ሰው አሰማርቶ ነበር፤ በሕዝብ ብዛት ብዙ እጥፍ ለምትበልጠው አንጎላ የተላኩት ወታደራዊ ታዛቢዎች 350 ናቸው። ሴፕቴምበር 1992 ደረሰ። ብዙው ታጣቂ ገና ከነመሣሪያው ነው፤ አንድ ይሆናል የተባለው ጦርም በስም እንጂ በተግባር አልቆመም። የድምፅ መስጫው ቀን ግን ፈቀቅ አልተደረገም። ሳቪምቢ ውጤቱን አልቀበልም አሉ፤ ጦርነቱ ተመልሶ አገረሸና እሳቸው በፌብሩዋሪ 2002 እስከተገደሉበት ጊዜ ድረስ ቀጠለ።